ምን ይንቀሳቀስ? ምኑስ ባለበት ይቁም?

ፎቶሾፕ በሚባለው የምስል ማቀነባበሪያ ላይ ጊፍ፣ ማለትም እየተደጋገመ የሚንቀሳቀስ አጭር ምስል፣ መሥራት ለመማር ብዙ ጊዜ አይፈጅም። ሌየሮቹን (አንዱ በሌላው ላይ የሚነባበሩትን የምስል ንጣፎች) ትደረድራላችሁ፣ ታይምላይን የሚባለውን ፓነል ትከፍታላችሁ፣ «ክሪኤት ፍሬም አኒሜሽን» የሚለውን ትጫናላችሁ፣ ከዚያ ከፓነሉ ሜኑ ውስጥ «ሜክ ፍሬምስ ፍሮም ሌየርስ» የሚለውን መምረጥ ነው። እያንዳንዱ ሌየር ፍሬም፣ ማለትም የእንቅስቃሴው አንድ ቅጽበት፣ ሆኖ ይሰለፋል። ማጫወቻዋን ስትጫኑ ምስሉ ይንቀሳቀሳል። በቃ። ይህን ደረጃ በደረጃ የሚያሳይ ቪዲዮ ሞልቷል፣ እኔ እሱን ልደግም አልተነሳሁም።

እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ምስሉ ተንቀሳቀሰ፣ እሺ። ግን አንዳንዱ ጊፍ የፈለገውን ያህል ቢዞር የማይሰለቸው፣ አንዳንዱ ደግሞ ገና ሁለተኛው ዙር ላይ ዓይን የሚያደክመው ለምንድን ነው? የራሴንም የሰውንም ሥራ ፈታትቼ ሳይ የደረስኩበት ነገር አለ። ዋናው ሥራ ያለው በማይንቀሳቀሰው ክፍል ላይ ነው። ምኑ ባለበት እንደሚቆም ያልወሰነ ሰው፣ ምኑ እንደሚንቀሳቀስም ገና አልወሰነም። ደስ የሚለኝ ደግሞ የፋይሉ አሠራር ራሱ በዚህ ከዓይናችን ጋር መስማማቱ ነው። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ከትንሹ ልጀምር። አንድ የተሳለ ፊት አለ እንበል። ዓይኑን እንዲያርገበግብ እንፈልጋለን። ስንት ሥዕል ያስፈልጋል? ሦስት ይበቃል። ዓይኑ የተከፈተበት፣ ግማሽ የተከደነበት፣ ሙሉ በሙሉ የተጨፈነበት። ፍሬሙ ግን አራት ይሆናል፤ ግማሽ የተከደነው ሲጨፈንም ሲገለጥም ያገለግላላ። ፊቱ፣ ፀጉሩ፣ አፉ፣ ከጀርባ ያለው ቀለም፣ ይህ ሁሉ ከታች አንድ ሌየር ላይ አንዴ ተቀምጧል። የሚቀያየረው የዓይን ቆቡ ብቻ ነው።

እዚህ ጋ ፎቶሾፕ የመጀመሪያውን እንቅፋት ያመጣል። ሌየሮቹን ወደ ፍሬም ሲቀይር የትኛው ጀርባ እንደሆነ አያውቅም። ለእሱ ሁሉም ሌየር እኩል ነው፣ ስለዚህ ፊቱን ራሱን አንድ ፍሬም አድርጎ ያስቀምጠውና ዓይኖቹ ሲመጡ ፊቱ ይጠፋል፣ ባዶ ቦታ ላይ የዓይን ቆብ ብቻ ሲንሳፈፍ ታያላችሁ። መፍትሔው ፍሬሞቹን በሙሉ መርጦ የፊቱን ሌየር ማብራት፣ ለብቻው የቆመውን ትርፍ ፍሬም መሰረዝ ነው። ትንሽ ነገር ናት፣ ጀማሪ ሁሉ ያልፍባታል። እኔ ግን እወዳታለሁ፣ ምክንያቱም ሶፍትዌሩ ገና ከመጀመሪያው «ይሄ ቆሞ ይቆይ» ብላችሁ በራሳችሁ አፍ እንድትናገሩ ያስገድዳችኋል።

አሁን ጊዜው። እያንዳንዱ ፍሬም ሥር የምትታይ ትንሽ ቁጥር አለች፣ ዲሌይ ትባላለች፣ ፍሬሙ ስክሪን ላይ ለስንት ሰከንድ እንደሚቆይ ትናገራለች። አራቱንም 0.1 ብታደርጓቸው ፊቱ እንደተበላሸ አምፖል ብልጭ ድርግም ይላል። ሰው እንደዚያ ዓይኑን አያርገበግብም። አሁን የተከፈተውን 2.5 ሰከንድ ስጡት። መጨፈን የጀመረበትን 0.05፣ የተጨፈነበትን 0.1፣ ሲገለጥ ደግሞ በትንሹ ዘግየት ብሎ 0.08። ፊቱ በአንዴ ነፍስ ይዘራል። አሁን ደግሞ የተጨፈነበትን ብቻ ወደ 0.6 ከፍ አድርጉት፤ ይኸው ሰውየው እንቅልፍ እየጣለው ነው። ሁለት ጊዜ ቶሎ ቶሎ አስጨፍኑትና ቀጥሎ አፍጥጦ እንዲቆይ አድርጉት፤ አሁን የሰማውን ማመን አቅቶታል። ሥዕሉ ላይ አንድ መስመር አልተነካም፣ ያው ሦስት ሥዕል ነው። የተቀያየረው ዝም ብሎ የሚቆይበት ጊዜ ነው።

ለዚህ ነው ጊፍ ከቪዲዮ ይለያል የምለው። ቪዲዮ አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ 24 ወይም 30 ፍሬም ብሎ በአንድ ፍጥነት ይሄዳል። ጊፍ ላይ ግን እያንዳንዱ ፍሬም የራሱ ቆይታ አለው፣ የሚቆጠረውም በሰከንድ መቶኛ ነው። አንዱ ፍሬም 0.04 ሰከንድ፣ ጎረቤቱ 5 ሰከንድ ሊቆይ ይችላል፣ ለዚያ ለአምስት ሰከንዱ ፋይሉ ላይ የሚጨመር ክብደት የለም ማለት ይቻላል። መቆም በነፃ ነው። ይህን የተረዳ ሰው ፍሬም ማብዛቱን ትቶ ቆይታ ማስተካከል ላይ ይጠመዳል።

በነገራችን ላይ፣ ፎቶሾፕ ሲጀምር የሚሰጣችሁን 0 ሰከንድ እንዳለ አትተዉት። እጅግ ፈጣን ይሆናል ብላችሁ ስትጠብቁ፣ ብራውዘሮች ከ0.02 በታች የሆነውን ዲሌይ አይቀበሉትም፣ ወደ 0.1 ነው የሚያዘገዩት። ስለዚህ ኮምፒውተራችሁ ላይ ሲሮጥ የነበረው ነገር ብራውዘር ላይ ይንቀራፈፋል። ቁጥሩን ራሳችሁ ጻፉት። ለእጅ ሥዕል ከ0.08 አካባቢ መጀመር ጥሩ ነው፤ የእጅ አኒሜሽን ሠሪዎችም በሰከንድ 24 ፍሬም በሚሄድ ፊልም ላይ አንዱን ሥዕል ለሁለት ለሁለት ፍሬም እያቆዩ፣ ማለትም በሰከንድ 12 ሥዕል ብቻ እየሳሉ ነው ብዙውን የሠሩት።

ጊምፕ የሚባለውን፣ እንደ ፎቶሾፕ ያለ ሌላ ሶፍትዌር፣ የምትጠቀሙ ከሆነ ነገሩ በሌየሩ ስም ላይ ነው የሚያልቀው። ቆይታውን በሚሊሰከንድ ቅንፍ ውስጥ ትጽፉለታላችሁ፣ አጠገቡ ደግሞ ያለፈውን ይተካ ወይስ ላዩ ላይ ይደረብ የሚለውን። ታይምላይን የለውም፣ ግን ለዚህ ሥራ አያንስም። እንደውም ሁሉንም በስም መጻፍ ስላለባችሁ የምትሠሩትን ታውቃላችሁ።

ቅድም ወዳልኩት ልመለስ፣ ፋይሉና ዓይን ይስማማሉ ወዳልኩት። ይህን ለመረዳት ጊፍ መቼ እንደተወለደ ማወቅ ይረዳል። እ.ኤ.አ. በ1987 ኮምፒዩሰርቭ የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ ውስጥ በስቲቭ ዊልሃይት የሚመራ ቡድን ነው ያወጣው። ያኔ ሰው የሚገናኘው በስልክ መስመርና በጣም ቀርፋፋ በሆነ ሞደም ነበር፣ ስለዚህ የቀለም ምስል በትንሽ ባይት መላክ የሞት የሽረት ጉዳይ ነው። በ1989 የተሻሻለው ዲሌይንና ከጀርባው ያለውን የሚያሳልፍ ቀለምን ጨመረ። ማለቂያ የሌለው መዞር ግን ያኔም አልነበረም፤ እሱን በ1990ዎቹ አጋማሽ የጨመረው የኔትስኬፕ ብራውዘር 2.0 ነው። ዛሬ ፎቶሾፕ ላይ «ፎረቨር» ብላችሁ ስትመርጡ ፋይሉ ውስጥ የሚጻፈው ምልክት እስካሁን የኔትስኬፕን ስም ይዟል። ኩባንያው ከጠፋ ቆየ፣ ስሙ ግን በየጊፉ ውስጥ ይዞራል።

ከዚያ ዘመን የወረስነው ሁለት ገደብ አለ። አንደኛው ቀለም ነው። አንድ ፍሬም ከ256 ቀለም በላይ መያዝ አይችልም፣ ተራ ፎቶ ግን ከ16 ሚሊዮን በላይ ቀለም ውስጥ ነው የሚመርጠው። ሁለተኛው የማመቂያ ዘዴው ነው። ኤልዜድደብሊው ይባላል። ምስሉን ከግራ ወደ ቀኝ መስመር በመስመር እያነበበ፣ ከዚህ በፊት ያየው የቀለም ድርድር ሲደገም በአጭር ኮድ ይተካዋል። ስለዚህ የሚደጋገም ነገር ይወዳል። አንድ ወጥ ሰማያዊ ግድግዳ ለእሱ ምንም ማለት አይደለም። ፒክስሉ (የምስሉ ነጥብ) ሁሉ የተለያየ የሆነበት አሸዋ ግን ፋይሉን ያሳብጠዋል።

አሁን በካሜራ የተቀረጸ ቪዲዮ አስቡ። በ«ፋይል» ሜኑ፣ «ኢምፖርት» ውስጥ «ቪዲዮ ፍሬምስ ቱ ሌየርስ» ብላችሁ አስገባችሁት እንበል። ቪዲዮው ውስጥ መስኮት አለ፣ መጋረጃ በነፋስ ይወዛወዛል፣ አጠገቡ ባዶ ግድግዳ አለ። ግድግዳው የቆመ ይመስላል። ግን አልቆመም። ፍሬም በፍሬም አስጠግታችሁ ብታዩት እያንዳንዱ ፒክስል በጥቂቱ ይቀያየራል፣ አሁን ትንሽ ይጠቁራል፣ አሁን ትንሽ ይደምቃል። የካሜራው ኖይዝ ነው፣ በተለይ ብርሃን ባነሰበት ቦታ። ዓይናችሁ ስሙን ሳያውቅ ይሰማዋል፣ ምስሉ የሚርመሰመስ ይመስለዋል። ፋይሉም ይሰማዋል። ከአንዱ ፍሬም ወደ ሌላው ያልተቀየረው ቦታ «እንደነበረ ተወው» ተብሎ ባዶ ሊተላለፍ ይችል ነበር፣ ፎቶሾፕም ጊፉን ሲያሳንስ የሚያደርገው ይህን ነው። ግድግዳው በየፍሬሙ እየተቀየረ ግን ምኑን ይተወዋል? ሙሉውን ደጋግሞ ይጽፈዋል። መጋረጃ ለማሳየት የተሠራ ፋይል አብዛኛውን ክብደቱን ግድግዳ ላይ ይጨርሳል።

መድኃኒቱ አንድ ነው። ከቪዲዮው አንድ ጥሩ ፍሬም ምረጡ። ላይኛው ሌየር አድርጉት፣ ሁሉንም ይሸፍን። ከዚያ ማስክ፣ ማለትም የሌየሩን የተወሰነ ቦታ የሚደብቅ መሸፈኛ፣ ጨምሩበትና ለስላሳ ብሩሽ ይዛችሁ መጋረጃው ያለበትን ቦታ ብቻ በጥቁር ቀቡት። ቀዳዳ ከፈታችሁ ማለት ነው። በቀዳዳው ውስጥ ሥር ያለው ቪዲዮ ይታያል፣ ሌላው ሁሉ አንድ ፎቶ ሆነ፣ የእውነት ቆመ። ፋይሉ ወዲያው ይቀልላል። ምስሉም ወዲያው ሌላ ነገር ይሆናል። ቅድም አጭር ቪዲዮ ነበር፣ አሁን በውስጡ ነፋስ የገባበት ፎቶ ነው። ጄሚ ቤክና ኬቪን በርግ በ2011 እንዲህ ያለውን ሥራ ሲኒማግራፍ ብለው ካወጡት ወዲህ ስሙ ተለምዷል።

ማስኩን ስትቀቡ ግን አደራ፣ መጋረጃውን ብቻ አትዩ። ጥላውን ፈልጉ። መጋረጃ ሲወዛወዝ ወለሉ ላይ ያረፈው ብርሃንና ጥላ አብሮ ይወዛወዛል። ቀዳዳውን ለመጋረጃው ብቻ ከፍታችሁ ጥላውን ከሸፈናችሁት፣ ያየው ሰው ምን እንደጎደለ መናገር ባይችልም የሆነ ነገር ይከነክነዋል። ጠረጴዛ ላይ ብርጭቆ ካለ ደግሞ ብርጭቆው ላይም መጋረጃው በትንሹ ይታያል። እሱንም ክፈቱለት። ምን ይቁም ብሎ መወሰን ማለት አንድ ነገር ሲንቀሳቀስ ማንን ማንን እንደሚነካ ተከታትሎ ማወቅ ነው፣ እኔ ከዚህ ሥራ በጣም የምወደው ይህን ክፍል ነው። ፎቶ ሳነሳም አሁን አሁን ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው ጥላ ላይ ነው።

የቀለሙን ነገር ባጭሩ ልለፈው። ከብርቱካናማ ወደ ወይን ጠጅ ቀስ እያለ የሚሄድ ሰማይ በ256 ቀለም አይገለጽም፣ እንደ ደረጃ ይሰነጣጠቃል። ዲዘር የሚባለው ማስተካከያ ነጠብጣብ እየበተነ ስንጥቁን ይደብቃል። ግን ያ ነጠብጣብ ኤልዜድደብሊው የሚጠላው ዓይነት ነው፣ ፋይሉ ይከብዳል። የኔ ምርጫ ዲዘሩን ከመጨመር በፊት ምስሉን መቀየር ነው። ጥቂት ቀለም ያለው ትዕይንት፣ ጠቆር ያለ ወይም አንድ ወጥ ጀርባ። ጥቁርና ነጭ ማድረግም አለ፤ ግራጫው ከጥቁር እስከ ነጭ 256 ደረጃ ነው፣ ልክ የጊፍን ያህል። ለዚህ ነው ጥቁርና ነጭ ጊፍ ያን ያህል ጥርት ብሎ የሚታየው።

ጠርዝ ላይም ተመሳሳይ ነገር አለ። ጊፍ ግማሽ የሚያሳልፍ ፒክስል አያውቅም፤ ወይ ይታያል ወይ አይታይም። ለስላሳ ጥላ ያለው ጀርባ አልባ ሎጎ በነጭ «ማት» (የጠርዝ መሙያ ቀለም) አውጥታችሁ ጥቁር ገጽ ላይ ብታስቀምጡት ዙሪያውን ነጭ ቆሻሻ ይዞ ይወጣል። ፋይሉን በምታወጡበት «ሴቭ ፎር ዌብ» ውስጥ «ማት» የሚለው ላይ ምስሉ የሚያርፍበትን ገጽ ቀለም ምረጡ። ጨረሳችሁ።

ሉፑ (ዙሩ) ግን በአጭሩ የሚታለፍ አይደለም። ጊፍ የሚዞር ነገር ነው፣ መጨረሻው ከመጀመሪያው ጋር መገናኘት አለበት። ነገሩ ከኮምፒውተር በፊትም ነበረ። ቤልጂየማዊው ጆሴፍ ፕላቶ በ1832 የሠራው ፌናኪስቲስኮፕ የሚባል ክብ ሰሌዳ አለ፣ ዙሪያውን ሥዕል ተደርድሮበት መስታወት ፊት እየዞረ በስንጥቁ ሲታይ ሥዕሉ ይንቀሳቀሳል። ክብ ስለሆነ መጀመሪያም መጨረሻም የለውም። የሚሳለው እንቅስቃሴ የግድ የሚደጋገም መሆን ነበረበት፣ የሚዘል ሰው፣ የሚሽከረከር ጎማ። ያ ገደብ ዛሬም አብሮን አለ።

መጨረሻውና መጀመሪያው የሚገናኙበትን ስፌት ለመደበቅ ሁለት መንገድ እጠቀማለሁ። ቀላሉ ወደ ፊት ሄዶ መመለስ ነው። ፍሬሞቹን በሙሉ ኮፒ አድርጎ መጨረሻ ላይ መለጠፍ፣ ከዚያ የተለጠፉትን «ሪቨርስ ፍሬምስ» ብሎ መገልበጥ። ዥዋዥዌ፣ የሚወዛወዝ ቅርንጫፍ፣ የሚተነፍስ ደረት፣ ሁሉም በዚህ ያምራል። ጫፎቹ ላይ ግን አንድ ዓይነት ፍሬም ሁለት ሁለት ጊዜ ይገጥማችኋል፣ ለቅጽበት ያዝ ያደርገዋል፤ ከየጫፉ አንዱን ሰርዙ። ለጭስና ለውኃ ደግሞ ይህ ዘዴ አይሆንም። ጭስ ወደ ታች ተመልሶ ሲገባ ማንም ያውቅበታል። ለእነሱ የቪዲዮውን መነሻ ትንሽ ቆርጦ መጨረሻው ላይ መደረብና ኦፓሲቲውን (የምስሉን ድፍንነት) ቀስ እያሉ መጨመር ነው፣ አንዱ ሲደበዝዝ ሌላው ይደምቃል። የተደረበው ክፍል ላይ ለአፍታ ሁለት ጭስ ይታያል፣ ጭስ ስለሆነ ግን ማንም አይቆጥረውም። ሰው ቢሆን መንፈስ ይመስል ነበር። መጋረጃ በሁለቱም ይሄዳል፣ እኔ የሚሻለኝ ሁለተኛው ነው፣ ነፋስ ወደ ኋላ ሲነፍስ ትንሽ ይታወቃልና።

ይህ ሁሉ ልፋት ለአንድ ጊፍ? ብዙ ሰው ይጠይቃል፣ ጥያቄውም ልክ ነው። ለረጅም ቪዲዮ ጊፍ መጥፎ ምርጫ ነው፣ ኤምፒ4 የሚባለው የቪዲዮ ፋይል ክብደቱ በጣም ያንሳል፣ ቀለሙም ሙሉ ነው። ቴሌግራም ላይ ጊፍ ስትልኩ እንኳን ድምፅ አልባ ኤምፒ4 ሆኖ ነው የሚጓዘው። ዌብፒና ኤፒኤንጂ የሚባሉት የምስል ፋይል ዓይነቶችም ግማሽ የሚያሳልፍ ፒክስል ይችላሉ። ስለዚህ ፋይሉ በምን ስም እንደሚወጣ የምታዩት ምስሉ የሚሄድበትን ቦታ አይታችሁ ነው። ከፍሬምና ከቆይታ ጋር፣ ከማስክና ከስፌት ጋር የምትታገሉት ትግል ግን በየትኛውም ስም ብታወጡት ያው ነው።

አንድ ጉዳይ ግን ቀልድ የለበትም። ብልጭ ድርግም የሚል ነገር የሚጥላቸው ሰዎች አሉ። የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያው በአንድ ሰከንድ ከሦስት ጊዜ በላይ የሚያብለጨልጭ ነገር እንዳይኖር ይጠይቃል፤ ከሌላ ይዘት ጎን በራሱ ተነስቶ ከ5 ሰከንድ በላይ የሚንቀሳቀስ ነገርም ማቆሚያ እንዲኖረው ይላል። ጊፍ በራሱ ማቆሚያ የለውም። ስለዚህ የሚጠነቀቀው ሠሪው ነው። ነጭና ጥቁር በ0.1 ሰከንድ እየተቀያየረ የሚጮህ ጽሑፍ ከሠራችሁ በሰከንድ አምስት ጊዜ አብለጭልጫችኋል። ዲሌዩን አርዝሙት ወይም ሐሳቡን ቀይሩት። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ማለቂያ የሌለው ሉፕ አያስፈልግም፣ አንድ ጊዜ ተጫውቶ በጥሩ ፍሬም ላይ የሚቆም ጊፍ ከሚዞረው ይበልጣል፣ «ዋንስ» የሚለው ምርጫ ለዚህ ነው የተቀመጠው፣ ግን ማንም ሲነካው አላይም።

ለመማር የምትፈልጉ ካላችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የምትወዱትን ጊፍ አውርዱና ፎቶሾፕ ወይም ጊምፕ ውስጥ ክፈቱት። ፍሬሞቹ ሁሉ ሌየር ሆነው ይወጣሉ፣ ዲሌዩም ሳይቀር ይታያል፣ ጊምፕ ላይ ሌየሩ ስም ላይ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ሌየሮቹን አንድ በአንድ ብቻቸውን አብሩ። በደንብ የተሠራ ከሆነ ከመጀመሪያው ሌየር በስተቀር አብዛኞቹ ባዶ ናቸው ማለት ይቻላል፣ እዚህ አንድ የዓይን ቆብ፣ እዚያ የመጋረጃ ጫፍ። ከዚያ ቁጥሮቹን እዩ፣ የት ላይ ፍሬሙን አዘግይቶ እንዳቆየው። ከዚያ አንዷን ቁጥር ብቻ ቀይራችሁ መልሳችሁ አጫውቱት።